ለእናቱ መቃብር የከሳው ሰው

ስትና የተቀበረች ቀን ባሏ ታጅ አልሲር ወደ መቃብሯ ሊያወርዳት አልቻለም።

በሱዳኗ አትባራ ከተማ ሬሳ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው የቅርብ ሰው ነው፤ ለሴት ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ። ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰዉ ለታጅ መንገድ ለቀቀለት። እሱም ጫማውን አውልቆ፣ ጀለቢያውን ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረበ። ጉድጓዱ ከላይ ሰፋ ይልና፣ ታች ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በጎኑ የሚያስተኛ ጠባብ ቦይ ይቆፈርበታል። የሚያወርደው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በቦዩ ግራና ቀኝ በቀረችው ጠርዝ ላይ ነው። ታጅ አንድ እግሩን አወረደ። ሁለተኛውን ሲያስከትል ሆዱ በግድግዳው ተያዘ፤ ጠርዙም ከሥሩ ተናደና ተጠርጎ የተዘጋጀውን ቦይ አፈር ሞላው። ሰዎች በብብቱ ይዘው ጎትተው አወጡት።

«እሱ ይቅር» አሉ የሰፈሩን ቀብር የሚያስፈጽሙት ሐጅ ሙርሰል፣ ወደ ማንም ሳያዩ። «ደፋላ፣ አንተ ግባ።»

ደፋላ የስትና ወንድም፣ ለታጅም የአጎቱ ልጅ ነው፤ በባቡር ጋራዥ በያጅ ሆኖ የሚሠራ ቀጭን ሰው። አፈሩን በእጁ ዝቆ አወጣና እህቱን ተቀበላት። ታጅ ሴት ስትወርድ ጉድጓዱ የሚከለልበትን ጨርቅ ጫፍ ይዞ ከላይ ቆመ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረውም።

ከሰዓት በኋላ በሐዘኑ ድንኳን ከየቤቱ ትሪ መጣ። ታጅ ቀርቦ በላ። የመጀመሪያዎቹ በልተው ሲነሱ እሱ ከሁለተኛዎቹ ጋር ተቀምጦ ተገኘ፤ እነሱም ሲነሱ ከሦስተኛዎቹ ጋር። አላለቀሰም። ሰዎች «አላህ ጽናት ሰጠው» ብለው አመሰገኑለት።

ከዚያ በኋላ መብላቱ አልቆመም። ታጅ የሚሠራው በእህል ገበያው ነው፤ የገበሬውንና የነጋዴውን ጆንያ በትልቁ የብረት ሚዛን ይመዝናል። ቀን ሥራ አለ፣ ሰው አለ፣ ጫጫታ አለ። ችግሩ የምሽቱ አዛን ሲጠራ ነበር። ቤት ሲገባ የስትና አልጋ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል። አልጋውን አይቶ ያዝን እንደሆነ ይጠብቃል፤ ምንም አይመጣም። በዚያ ፋንታ እጁ ወደ ዳቦው ቅርጫት ይሄዳል። እንደቆመ፣ ዳቦውን በዘይት፣ ከዚያ በስኳር፣ ከዚያ እንዲሁ ደረቁን ይበላል። መለስ ሲል ቅርጫቱን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ እንደ ሌላ ሰው ሥራ ያየዋል። ከዚያ አብረውት የሚኖሩት እናቱ ሐጃ አልቶማ እራቱን ያቀርባሉ፤ እሱንም ይበላል። እሳቸው ያዩታል እንጂ አይናገሩትም። ትሪውን ብቻ ይሞላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ሐጃ አልቶማ ደረታቸውን ታመው ተኙ። ዘመድ ጠያቂው በዛ። አንድ ቀን ታጅ ለእንግዶች ሻይ ይዞ ሲገባ፣ ከበሩ ወዲያ የሐጅ ሙርሰልን ድምፅ ሰማ።

«ደፋላ፣ የአላህ ትእዛዝ ከመጣ እንግዲህ የምትወርደው አንተ ነህ። ልጃቸው እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ያኔ ያየነው ይበቃናል።»

«ምን ችግር አለው ሐጅ፤ የአባቴ እህት አይደሉ እንዴ» አለ ደፋላ።

ታጅ ገብቶ ሻዩን ቀዳላቸው። መናደዱን ወይም ማፈሩን ሊያውቅ ውስጡን ፈተሸ፤ ውስጡ እንደተዘጋ መጋዘን ጭር ብሏል። ብስኩቱን ግን አልነካም። ሳህኑን ወደ እንግዶቹ ገፋ አደረገው።

በማግስቱ ገበያው ከመድመቁ በፊት የጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ። ኩኩ የሚባለው የኑባ ተራራ ተወላጅ ተሸካሚ አየውና ጆንያውን ከትከሻው አወረደ።

«ታጅ፣ ዛሬ ምን ብዬ ልመዝንህ? ማሽላ ነህ ወይስ ሰሊጥ?»

«ሰሊጥ በለኝ።»

«ሰሊጥማ በዚህ ብዛትህ ማን ችሎ ይገዛሃል!» ኩኩ ብረቱን እየገፋ ሳቀ፤ ከዚያ ቁጥሩን አየና ሳቁን ዋጠው። «አንተ ሰውዬ... አንተን ከምሸከም ግመል ብሸከም ይሻለኛል።»

«ለማንም መንገር የለም።»

«ሚዛኑ ራሱ ነው የሚጮኸው፤ እኔ ምን ልናገር።»

ታጅ ክብደት መቀነስ የጀመረው እንዲህ ነው፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ መሐላ። ማታ ማታ አዛን ሲጠራ ቤት መግባቱን ተወ። በጣቢያው መስጊድ ይሰግድና የባቡሩን ሐዲድ ይዞ እስከ ወንዙ ድልድይ ይሄዳል፤ ያ ሰዓት ሲያልፍ ይመለሳል። በመንገድ ላይ ሲደክመው ዕረፍት ያደርጋል፤ ተቀምጦም ወንዙን ያያል፤ ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። በገበያውም ከሠራተኞቹ ትሪ ጥቂት ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። አንድ ጊዜ፣ በኢድ ሰሞን፣ ዘላቢያ የሚባለውን ጣፋጭ ሊጥ የምትጠብሰው ሴት ዘንድ ቁጭ ብሎ የጠበሰችውን ሁሉ እስክትጨርስ በላባት። ሴትየዋ ደንግጣ «ኸረ አንተ ልጅ፣ ለሌላውም አስብ!» አለችው። አልተጸጸተም፤ አልተደሰተምም። በነጋታው ወደ ድልድዩ ሄደ።

በአትባራ አንድ ሰው ከትሪ እጁን ሲሰበስብ ነገሩ ዝም አይባልም። ሰው ሁሉ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ ቀድሞ የተነሳ ወይ ተቀይሟል ወይ ታሟል። የገበያው ሰዎች «ማናችን ነን ያስቀየምንህ?» አሉት። ጎረቤቶች በመጀመሪያ ስኳር ነው አሉ፤ ቀጥሎ ሳምባ ነው አሉ። ጀለቢያውን በልኩ ካስጠበበ በኋላ ደግሞ ሊያገባ ነው አሉ።

ሐጃ አልቶማ ከሕመማቸው አገግመው፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር የጠየቁት። ፊቱ ያስቀመጡት አሲዳ፣ የማሽላው ገንፎ፣ አልተነካም።

«ልጄ፣ ስሟን ንገረኝ።»

«የማንን?»

«የልጅቷን ነዋ! ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚያደርቀኝ። ወንድ ልጅ ለሴት ካልሆነ እንዲህ አይከሳም።»

«ልጅቷ የለችም እማዬ።»

«እንግዲያው ታመሃል።»

«ደህና ነኝ።»

«ወጤን ጠልተኸው ነው? በል ንገረኝ፣ ሳልሞት ልወቀው።»

«ላወርድሽ ብዬ ነው» አለ።

«ወዴት ነው የምታወርደኝ?»

እናቱ ፊቱን አዩት፤ ገባቸው። ከራሳቸው የተንሸራተተውን ቶብ፣ ረጅሙን የሴት መጠቅለያ ልብስ፣ መልሰው ተከናነቡ።

«አንተ ባለጌ!» አሉ። «እኔ እዚህ ሳማስልልህ እውላለሁ፣ አንተ ጉድጓዴን ትለካለህ!» ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ታጅ ተነስቶ ውሃ ሰጣቸው። ጠጥተው ጣሳውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ደፋላ አለ አይደል እንዴ?»

«ስትናን ያወረዳት ደፋላ ነው።»

ሐጃ አልቶማ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አላለቀስክላትም» አሉ።

«አላለቀስኩም።»

«አውቃለሁ፤ ሳይህ ነበር። ስትበላ፣ ስትበላ... ለቅሶው ይሄ ነው ብዬ ተውኩህ። በዓይኑ እምቢ ካለው በአፉ ይውጣለት ብዬ እየጨመርኩ ሰጠሁህ። አጠፋሁ?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አለ ታጅ። እውነቱን ነው፤ አያውቅም። ምን እንደወጣለትና ምን እንደቀረበት ማወቅ አልቻለም።

«ብዙ ይቀርሃል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲህ እኔም ትንሽ እቆይልሃለሁ። ያንን አሲዳ ግን ግማሹን ብላ፤ ባዶ ሆድ ሆነህ በላዬ ላይ እንዳትወድቅ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስጥሩ የሁለቱ ሆነ። ሐጃ አልቶማ ዳቦውን ራሳቸው ቆርሰው ድርሻውን ይሰጡትና ቅርጫቱን አልጋቸው ሥር ይከቱታል። እጁ ወደ ተጨማሪ ሲሄድ ካዩ፣ «ተው፣ ጠርዙ ይናድብኛል» ይሉታል፤ የሚሰማ እንግዳ ካለ ምን ማለታቸው እንደሆነ አይገባውም። ታጅ ፈገግ ለማለት ይሞክር ነበር። አንዳንዴ ይሳካለታል።

ብርዱን ከረሙ። አቧራው ነፋስ በጀመረ ሰሞን፣ ጧት ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሳቸው ሲገባ ቀዝቅዘው አገኛቸው።

መቃብር ቦታ ሐጅ ሙርሰል እንደለመዱት ዞር ብለው «ደፋላ...» ብለው ጀመሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ታጅ።

ሐጅ ሙርሰል ወገቡን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ። ምንም ሳይሉ ፈቀቅ አሉ። ታጅ ወረደ። በግድግዳውና በሆዱ መካከል እጅ የሚያስገባ ቦታ ነበር፤ ጠርዙም ያዘው። ከላይ አቀበሉት። እንዲህ ይቀላሉ ብሎ አላሰበም ነበር። በቀኝ ጎናቸው አስተኛቸው፣ የከፈኑን ቋጠሮ ፈታ፣ ከጉንጫቸው ሥር አፈር አስደገፈ። አንድ ነገር ይመጣብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ለዚህ ሰዓት ብሎ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የተራበው። የመጣው የአፈሩ ቅዝቃዜ ነበር፤ እሱም እግሩ ላይ ብቻ።

«ጡብ» አለ። አቀበሉት። «ጭቃ።» አቀበሉት። እጁ ሥራውን ያውቅ ነበር። ቦዩን ደፍኖ ሲጨርስ እዚያው ቆመ።

«ታጅ፣ በቃ እንግዲህ፣ ና ውጣ» አለው ደፋላ እጁን ዘርግቶ። ሳበው፤ ታጅ ያለ ችግር ወጣ። ደፋላ እጁን ሳይለቅ፣ «አክስቴን ጥሩ አድርገህ አስተኛሃት» አለው። ታጅ ራሱን ነቀነቀ። እህቱን በእጁ ማውረዱ ደፋላን ምናልባት እስከ ዛሬ ሳይከብደው አልቀረም፤ ለታጅ ይህ የታየው ገና ያን ጊዜ ነው።

አሁን የሚከሳበት ምክንያት አልቋል። ይህን እሱም ያውቃል፤ ኩኩም አውቆ ነው መሰል በሐዘኑ ድንኳን ጎኑን አልተለየውም። «አባቴ፣ እንደገና ግመል እንዳትሆንብኝ» አለው በጆሮው። ታጅ ውሃ ሲያድል፣ እንግዳ ሲቀበል፣ ሲሸኝ ሰነበተ። ትሪ ሲመጣ ሰው «ቅረብ እንጂ» ይለዋል፤ «በልቻለሁ» ይላል። አልበላም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ዘመዶቹ ግቢው ውስጥ በየምንጣፉ ተኝተው ሳለ ነቃ። ሆዱ ውስጥ የሚቆርጥ ነገር ነበረ። መጀመሪያ የታመመ መሰለው፤ በጀርባው ተጋድሞ አዳመጠው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቆይቶ ቆይቶ አወቀው። ርቦታል። ሌላ ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ የሆድ ረሃብ ነው።

ማንንም ሳይቀሰቅስ ወደ ማድቤት ሄደ። ከትናንት የተረፈ ወጥ በድስት ውስጥ አገኘና ከአንድ ዳቦ ጋር ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ በላ። ጨው በዝቶበታል። ከጎረቤት ሴቶች የትኛዋ እንደሠራችው አያውቅም። እናቱ ጨው አያበዙም ነበር።

ይህን ካሰበ በኋላ የያዘውን ጉርሻ ይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጎረሰው፤ የቀረውን ከድኖ አስቀመጠና ለሰዎቹ ውሃ ሊያሞቅ እሳት አነደደ።