የበረንዳው እንግዳ ተቀባዮች

ከደብረ ብርሃን ወደ ወረታ የመጣሁት አካውንቲንግ ተምሬ ነው። ርእሰ መምህሩ ወረቀቴን አየት አደረጉና፣ «የቢዝነስና የቢሮ ሥራ ትምህርት አስተማሪ የለንም፤ አንቺ ለእሱ ትቀርቢያለሽ» አሉኝ። ቢሮ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር እንቅፋት የሚሆንባቸው ሰው አልነበሩም።

የመማሪያ መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ዘንድ። ኮምፒውተሮቹ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉን የያዘው መምህር ለትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ምዕራፍ ዘልዬ ኮምፒውተር ከማይፈልገው ጀመርኩ፦ ከእንግዳ አቀባበል። ሰሌዳው ሥር አንድ ጠረጴዛና ወንበር አስቀምጠን ቢሮ አደረግነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ሲነሣ እንግዳውም ጸሐፊዋም መጮህ ነበረባቸው። እየጮኹ ትሑት መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ መጽሐፉ አልገመተም።

መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው። ለእንግዳ ተነሥ፤ አስቀምጠው፤ ጉዳዩን ጠይቀው፤ የሚፈልገው ሰው ከሌለ ለምን እንደሌለና መቼ እንደሚመጣ ንገረው፤ የምትነግረውም እውነት ይሁን። ተማሪዎቹ እየሳቁ ይለማመዱት ነበር። አንዷ ብቻ አትስቅም። ከሜዳው፣ ክረምት ክረምት ውሃ ከሚተኛበት ቀበሌ የመጣች፣ ከተማ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣

«ቲቸር፣ እንዲህ የሚደረግበት ቢሮ የት ነው?» አለችኝ።

የምታሾፍ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። የምሯን ነበር።

«ሄደን እናያለን» አልኳት።

ከከተማው መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ ጉብኝት ጠየቅኩ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ «ማክሰኞ ጠዋት አምጫቸው፤ ሁሉንም ራሴ አሳያቸዋለሁ» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ የጫማቸውን ጭቃ ጠርገው መጡና ተሰልፈን ሄድን። የቢሮዎቹ በር ክፍት ነው፤ ወንበሮቹ ላይ ኮት ተሰቅሏል፤ ሰው የለም። ዘበኛው፣

«ስብሰባ ናቸው» አለን።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ስብሰባ ናቸው አልኩሽ እኮ።»

በረንዳው ላይ ባለጉዳዮች ነበሩ። ከሜዳው የመጡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንድ አግዳሚ ነበር፤ አቧራ የጠጡ ካርቶኖች ተደርድረውበታል። ተማሪዎቼ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ያቺ ልጅ ካርቶኖቹን አንሥታ ጥግ አስያዘች፤ አግዳሚውን በሻርፗ ጠረገችና ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆመች።

«እንዴት አደሩ፣ አባባ? ይቀመጡ። ጉዳይዎ ምን ነበር?»

ሽማግሌው ለሌላ ሰው የተነገረ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።

«የድንበር ነገር ነው፣ ልጄ» አሉ ኋላ። «አምና የርብ ወንዝ ሞልቶ የማሳየን ምልክት ወሰደው። ጎረቤቴ እዚህ ነበር ይላል፤ እኔ እዚያ ነበር እላለሁ። የሚለካ ሰው ይሰጡኝ ብየ እመላለሳለሁ።»

«የሚመለከተው ክፍል የቱ እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«ነገ ና ነው ያሉኝ።»

ሌሎቹ ተማሪዎች አይተው ተከተሏት። አንዱ በየበሩ የተለጠፈውን እያነበበ ሰዉን ወደየክፍሉ ይከፋፍላል፤ አንዷ ልጅ ያዘሉትን ከወረፋው ታስቀድማለች። ማንም አላዘዛቸውም። ላስቆማቸው አሰብኩ፤ ግን የተግባር ፈተና ባወጣ ከዚህ የተሻለ አይመጣልኝም ብዬ ዳር ቆሜ አየሁ።

ጥቂት ቆይታ ልጅቷ መጣች። «ቲቸር፣ ኃላፊው መቼ እንደሚመጡ ለባለጉዳዩ መንገር አለብን። ልጠይቅ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ የስብሰባ አዳራሹን በር አንኳኳች። በሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሠራተኞቹ በሙሉ የገቡት የተገልጋይ አያያዝ ሥልጠና ላይ ነበር።

ኃላፊው ተቆጥተው ወጡ። ሥልጠናውን ሊሰጡ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰውዬም ከኋላቸው ብቅ አሉ። በረንዳውን ሲያዩ ሁለቱም ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሌላው ወረፋ ይዟል፤ በየበሩ ዩኒፎርም የለበሰ አስተናጋጅ አለ።

«እነዚህ የእናንተ ናቸው?» አሉ አሠልጣኙ።

ኃላፊው ልጆቹን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አዲስ ጅምር ነው» አሉ።

ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል። አዲስ ነበር፤ ከተጀመረም አንድ ሰዓት አልሞላውም። ሽማግሌው በዚያው ጠዋት ወደ ቀያሹ ተመሩ። ከበላይ በመጣው እንግዳ ፊት «ነገ ና» የሚል አልተገኘም።

ከኃላፊው ለትምህርት ቤቱ ለስላሳ በሳጥን ተላከ፤ ቀጥሎ ስልክ ተደወለ። መሥሪያ ቤቱን ሊመዝኑ የሚመጡ ሰዎች አሉና ልጆቹን ለአንድ ጠዋት ብቻ ትልኩልን ወይ? እኔ አመነታሁ። ርእሰ መምህሩ፣ «የተግባር ልምምድ እያልሽ ስትለምኚ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ። ሄድን። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛ በረንዳ ወጥቶ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ጠበቀን። ቀያሹ ገና ስላልሄደላቸው ሽማግሌውም አግዳሚው ላይ ነበሩ።

መዛኟ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። በቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄዱ።

«እዚህ ሥራ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ከወንበሩ ተነሣች።

«እንኳን ደህና መጡ። እኛ ተማሪዎች ነን፤ ለልምምድ ነው የመጣነው። ሠራተኛ ከፈለጉ ልጥራልዎ?»

ሽማግሌው ከአግዳሚው፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የቢሮ ሰው ለእኔ ብሎ አይነሣም።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ትምህርት ቤት መጡ። ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። «እንዲህ በይ ያላት ማን ነው?» አሉኝ። መጽሐፉን ገልጬ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ፤ የሚቀጥለውንም ገጽ አነበቡ። «ለጥቂት ቀን ልውሰደው?» አሉ። ያለን እሱ ብቻ ነው ስላቸው ቅር እያላቸው በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ሳይቆይ በረንዳው ላይ እውነተኛ እንግዳ ተቀባይ ተመደበ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆሞ አየዋለሁ። ትጋት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወንበሩን ለስብሰባ ወስደውበት ነው።

ሩዝ ታጭዶ ሲገባ ሽማግሌው በትንሽ ማዳበሪያ ሩዝ ተሸክመው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ማሳው ተለክቷል። ድንበሩ እሳቸውም ጎረቤታቸውም ካሉት ቦታ መሃል ላይ ወድቆ፣ ሁለቱም እኩል አኩርፈው ታርቀዋል።

«ይኼ የልጅቱ ነው» አሉ።

ልጅቷ ሩዙን አየች፤ እኔን አየች። «አባባ፣ ከባለጉዳይ ስጦታ መቀበልን ደንቡ አይፈቅድም።»

«የማን ደንብ?»

«የቲቸር።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁም። ምዕራፉን በእርግጥ አስተምሬዋለሁ፤ በምሳሌ ሳይቀር። ግን ከሜዳው ድረስ በእግራቸው የመጡ ሰው ላብ በላብ ሆነው ፊቴ ቆመዋል።

«አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም» አልኳት። «ለመዛኟ የነገርሻቸው ራስሽ ነሽ።»

አሰበችበት። መልሴ እንዳላረካት ፊቷ ያስታውቃል። ቢሆንም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና በሁለት እጇ ተቀበለች። እሳቸውም ረጅም ምርቃት መረቋት።

ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ቀቀሉትና በተከራዩት ክፍል ጠሩኝ። ያለውን አንድ ወንበር ለእኔ ለቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨምሩልኝ ብዬ በላሁ።