ለዘመን መለወጫ ያልተለቀለቀ ቤት

ከባሕር ዳር በታንኳ ጥቂት እልፍ ሲሉ፣ ጣና ዳር በምትገኝ መንደር አገርነሽ የምትባል ሴት ነበረች። እጇ ለልቅለቃ የተባረከ ነው። ነጭ አፈሩን ከእበትና ከአመድ አዋሕዳ በመዳፏ ስታስኬደው፣ ግድግዳዋ ነፋስ ያልነካው የማለዳ ሐይቅ ይመስላል። ዘመን መለወጫ መቅረቡን መንደሩ የሚያውቀው በእሷ ቤት መንጻት ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የገበሬ ማኅበሩ ጥሩንባ ይነፋና የወባ መርጪዎች ይመጣሉ። መርጫቸውን በትከሻቸው አንግበው የየቤቱን ግድግዳ ዲዲቲ ያጠጡታል። ሲደርቅ ላብ የተወው ጨው የመሰለ ዝንጉርጉር ነገር ይቀራል። አምና አገርነሽ ያን ዝንጉርጉር አይታ አላስቻላትም፤ ሰዎቹ በሄዱ ማግስት ለቀለቀችበት።

በጥቅምት ነፍሰ ጡር ልጇን ሙሉነሽን ንዳድ ያዛት። ትኩሳቱ ሲነሣባት ሐይቁ ቤት የገባ ይመስላታል። «እማዬ፣ ውኃው መደቡን አነሣው፤ ያዥኝ!» ትላለች። አገርነሽም በእውነት እንደምትንሳፈፍ ሁሉ እግሯን ግጥም አድርጋ ትይዛለች። መራራው የወባ ክኒን ደርሶ ሙሉነሽ ተረፈች። ፅንሱ ግን ወረደ።

ዘንድሮ ሙሉነሽ እንደገና ፀንሳለች። አምና ቤቱን የረጨው አለበልም እንደገና ሊረጭ መጣ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ መንግሥት ሥራ የገባ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ አምና የረጨሁት የት ገባ?»

«ለቀለቅሁበት።»

«መድኃኒቱን ጭቃ አልብሼ አስተኛሁት ይበሉኛ! ትንኟ ግድግዳ ላይ ስታርፍ መድኃኒቱን ካልነካች ምን ይገድላታል? የእርስዎ ልቅለቃ ለእሷ ፍራሽ ነው።»

«ልጄ፣ ንዳድ የሚያመጣው የበቆሎ እሸት ነው ይላሉ።»

«እሸት ክንፍ የለውም፣ እናቴ። በሉ፣ በጋው እስኪጸና ግድግዳውን እንዳይነኩት።»

«በዘመን መለወጫ? ለበዓል ሳይለቀለቅ የሚውል የኀዘን ቤት ነው! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውስ ይበል፤ እሷን ይዩ» አለና በአገጩ ወደ ሙሉነሽ አመለከተ።

በዓሉ ደረሰ። ከሐይቁ የሚነሣው ጭጋግ ሲገለጥ መንደሩ ሁሉ ነጽቶ ታየ፤ የአገርነሽ ቤት ብቻ ዝንጉርጉር እንደ ሆነ ቀረ። ነጩ አፈር ከጓዳ የሚጠራት መሰላት። ተነሣች፤ ተቀመጠች። «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ ኩራቴን እንደ መባ ተቀበይልኝ» ብላ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

ረፋዱ ላይ ከደጅ ዋይታ ተሰማ። ጆሮዋ የደከመው ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሴቶቹን አስከትላ መጣች።

«ወይኔ አገርነሽ! እንዲህ ያለ ኀዘን ለብቻ ይያዛል? ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝ። የዲዲቲው ነገር ነው።»

«ዲዲቲ? ያ የአጎትሽ ልጅ? ነፍስ ይማር፤ መልኩን እንኳ አላስታውሰው!»

ሙሉነሽ ከመደቡ ላይ ሆዷን ይዛ በሣቅ ፈረሰች። ነገሩ ሲገለጥላቸው ለቅሶ ደራሾቹም ሣቁ። ወለተ ኪዳን ግን ሣቋን ቶሎ ዋጠች።

«እኔስ እቴ፣ ትናንት አሳምሬ ለቀለቅሁበት» አለች።

ጥቅምት ሲገባ ንዳዱ ሐይቁን ተከትሎ መጣ። የወለተ ኪዳንን ልጅ አንቀጠቀጠው፤ አገርነሽ ራሷ ሮጣ ክኒን እንዲመጣለት አደረገች፤ እሱም እግዜር ይመስገን ዳነ። በየማለዳው ሐይቁ ከሰማዩ ሳይለይ፣ ምድሩ ሁሉ ገና ያልተፈጠረ በሚመስልበት ሰዓት፣ አገርነሽ መዳፏን በሙሉነሽ ግንባር ላይ ታሳርፋለች። ቀዝቃዛ ነው። «ተመስገን» ብላ ሌላውን ማለዳ ትጠብቃለች።

በኅዳር ምጥ መጣ። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። ድምፃቸው ከማዕበሉ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አገርነሽ ምድር ላይ ትሁን ውኃ ላይ አላወቀችም። ከዚያ አዲስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ። እልልታው ጣሪያውን አናወጠው።

አገርነሽ ቆማ ቀረች። እንባዋ እየወረደ ልጇን ብቻ ታያለች።

«እማዬ» አለች ሙሉነሽ በደከመ ድምፅ፣ «ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ? ገንፎዬስ?»