የሳጅን የተፈታኝ ቁጥር

ሠፈሩ «ሳጅን» ይለው የነበረው ልጅ ፖሊስ ሆኖ አያውቅም። ቅጽል ስሙ የወጣለት በሰባት ዓመቱ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ በፉጨት ብስክሌት ሲያስቆም። አድጎም ያው ምኞት አልለቀቀውም። የፖሊስ መኮንንነት መግቢያ ፈተና ሲወጣ ተመዘገበ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ትኬት የምትቆርጠውን ታላቅ እህቱን ጎትቶ ወስዶ አስመዘገባት። ፈተናው ስምንት ወር ተራዘመ። በአምስተኛው ወር ሳጅን አራት ቀን በትኩሳት ታሞ ሞተ።

እንዲህ በአንድ ትንፋሽ መናገሬ ልቤ ደንድኖ አይደለም። እህቱም ለጠየቃት ሁሉ የምትናገረው እንደዚሁ ነበር፤ ቀኑን ቆጥራ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደምትናገር።

አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። እናታቸው ልጆቹን ሳታሳድግ ስለሞተች ሁለቱም ያደጉት እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ፣ በመቀስ ድምፅ ነው። የፈተናው ጥናትም የሚካሄደው እዚያ ነበር። እሷ የተቀዳደደውን የጥያቄ መድበል ይዛ ትጠይቃለች፤ ሳጅን ወለሉን እየጠረገ ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ የተፈታኝ ቁጥርህ ስንት ነው? ባለፈው ዙር ቁጥሩን አሳስቶ በማጥቆሩ ብቻ ወረቀቱ ሳይታረም ስለተጣለ፣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ያዝ አድርጎ፣ ተረከዙን ገጭ አድርጎ፣ «ዜሮ ስድስት አንድ አንድ ሰባት አራት!» ይላል። ደንበኞቹም ከመስማት ብዛት ጥያቄዎቹን እንደ ውኃ ጠጥተዋቸው ነበር። ጎረቤቱ ሥጋ ሻጭ አገጩ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ አደጋ ቦታ የደረሰ መኮንን መጀመሪያ ምን ያደርጋል ሲባል ከልጁ ቀድሞ ይመልስ ነበር። አባትየው ሳቁ ሲያመልጠው ሰው እንዳይቆርጥ ምላጩን ወደ ላይ ያነሣል።

ከሞቱ በኋላ እሷ በአምስተኛው ቀን ትኬት መስኮቷ ላይ ተገኘች። ጠንካራ ልጅ ተባለች። ጥንካሬ አልነበረም፤ ደንዝዛ ነበር። የበላችው አይጣፍጣት፣ የሚያንገበግብም ነገር የላት፤ አንዳንዴ ሆን ብላ ስለ እሱ ታስብና አንድ ነገር እስኪሰማት ትጠብቃለች። ምንም አይመጣም። ያን ጊዜ ክፉ ሰው የሆነች ይመስላትና ወደ ትኬቷ ትመለሳለች።

አባትየው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። የልጁን ስም አይጠራም፣ የሚጠራም ሰው ሲኖር መቀሱን ያስቀምጣል። አንድ ቀን ግን ምሳ ይዛለት ስትሄድ የጥያቄውን መድበል ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቷ አኖረው። «ፈተናው ደርሷል» አላት። ሌላ አልጨመረም።

ቢጨምርም ባይጨምርም ነገሩን ታውቀዋለች። አውቶቡስ ተራው የትኬት ማሽን አስገብቷል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የእሷ መስኮት ይዘጋል። የመኮንንነት ፈተናው ሠላሳ ዓመት የሞላውን አይቀበልም፤ እሷ ሠላሳ ልትሞላ ሁለት ወር ቀርቷታል። ይህ ካመለጣት ሌላ የለም። ስለዚህ ማለዳ ትሮጣለች፤ ማታ ማታ ታነባለች። ሩጫውን እግሯ ያውቀዋል፤ የአካል ብቃቱን ከሴቶቹ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። ንባቡም አላስቸገራት። የወንጀል ሕግ አንቀጽ እንደምን ሰነበትሽ፣ እንዴት ቻልሽው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ራሷ ጠያቂ ራሷ መላሽ ሆነች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምራ፣ መልሱን በለመደ ጆሮዋ ልክ። አንድ ቀን ሥጋ ሻጩ ተቀምጦ ሳለ ሊመልስላት አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ሦስት መቶ ሰው ይዟል። ፈታኙ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ፎቶ ከፊቷ ጋር አስተያየና ወደሚቀጥለው ሄደ። የመልስ ወረቀቷን አመቻችታ ስድስቱን የቁጥር ክቦች በእርሳስ አጠቆረች፣ ፈረመች፣ ጀመረች። የማታውቀው ጥያቄ ብዙም አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ቀርቷት ጨረሰች። አባቷ ሲጠይቃት ደህና ነበር አለችው፤ አልፈራችም፣ ደስም አላላትም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የተመረጡት ዝርዝር በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባትየው ፀጉር ቤቱን ዘግቶ አብሯት ሄደ። እሷ ቁጥሯን ፈለገች፤ የለም። ከታች ወደ ላይ ደግማ ፈለገች፤ የለም። ደህና፣ አበቃ ብላ ዞር አለች። አባቷ ግን ቁጥሯን ስለማያውቅ ስም በስም፣ በጣቱ ከላይ እየወረደ ነበር። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ጣቱ ቆመ።

«እዚህ አለ» አለ።

ቀና ብላ አየች። የወንድሟ ሙሉ ስም ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ ስድስት አንድ አንድ ሰባት አራት፣ ውጤቱ ዘጠና አንድ። የት እንደተሳሳተች ያን ጊዜ ገባት። እጇ ያጠቆረው ወራት ሙሉ ጆሮዋ ሲሰማ የኖረውን ቁጥር ነው። ሳጅንን ከዝርዝር የሰረዘው ሰው ስላልነበረ፣ የአካል ብቃቱም በሌላ መዝገብ ስለሚያዝ፣ ኮምፒውተሩ ውጤቱን ለባለ ቁጥሩ ሰጥቶ አረፈ።

አቤቱታ መቀበያ ያለው ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። የመልስ ወረቀቱን አስወጥቶ ፊርማውን ከመታወቂያዋ ጋር አመሳከረ፤ አመናት። ግን እጁ ታስሯል። በመዝገቡ ወንድሟ በሕይወት ያለ፣ የተመረጠ ዕጩ ነው። ውጤቱን ወደ እሷ ለማዞር የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያም በአባት ፊርማ የሚወጣ ነው። የአቤቱታ ጊዜው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ወረቀቱ በጊዜው አልወጣም ነበር። ቅጹን ሥጋ ሻጩ አምጥቶ ከሰጠው ሦስት ወር አልፎታል፤ አባትየው ሲጠየቅ ነገ ይላል፣ ነገ ሲመጣም ነገ ይላል። አባቷ ከዝርዝሩ ሥር አልተነሣም ነበርና፣ ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ጸሐፊው ያላትን ሁሉ ነገረችው። ሰማትና እርምጃውን አፈጠነ። እሷም አልደገመችም። ልጅህ ሞቷል ብለህ ፈርምልኝ ተብሎ ሁለቴ ይለመናል?

ሐሙስ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። የት እንደዋለ የነገራት ሥጋ ሻጩ ነው።

«ዝርዝሩ ሥር ቆሞ ነው የዋለው» አላት፤ «ሰው መጥቶ፣ አባባ፣ ልጅዎ አለበት እንዴ ሲለው፣ አዎ ይቺ ስም የልጄ ናት እያለ ያሳያል። ልመልሰው ሄጄ አቃተኝ።»

ይህን ስትሰማ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ንዴት ነበር። ሐዘን ቢሆን ባላፈረች። የሞተው ልጅ ተመርጦ ይኮራበታል፤ ያነበበችው፣ የሮጠችው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ አጥ የምትሆነው እሷ ከግድግዳው ሥር የለችም። እኔስ የማን ልጅ ነኝ አለች በሆዷ። ማታ ራት ሲበሉ ቀና ብላ አላየችውም።

ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትኬት ቆረጠች። ከዚያ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች፤ ከዝርዝሩ ሥር ጎትታ ልትወስደው፣ ቢያንስ ልትጮኽበት። ግድግዳው ጋ የለም። ያገኘችው አቤቱታ መቀበያው ጠረጴዛ ፊት ነው። የሥራ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፤ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር አለ። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ አንድ ደንበኛ አስተካክሎ ግማሽ ላይ ትቶት እንደወጣ በኋላ ሰማች። በእጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል፤ ማኅተሙ ገና እርጥብ ስለሆነ እንዳይነካ በሁለት ጣት።

ስታየው ጊዜ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ፣ ትልቁን መዝገብ ገለጠ፣ አሥራ አንደኛውን ረድፍ አገኘ። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አነሣ። ማስመሪያውን ስሙ ላይ ሲያስተካክል አባትየው እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ቀስ ብለህ ልጄ» አለው። «ቀስ ብለህ ሰርዘው።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና ጎንበስ አለ። እውነትም ቀስ ብሎ፣ ከፊደል ፊደል አሰመረ። ከዚያ ከላዩ ላይ የእሷን ስም ጻፈና እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ ብሎ መዝገቡን አዞረላት።

እስክሪብቶውን ያዘች። የምትፈርምበት ቦታ ግን አልታይ አላት፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። ሳታስበው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩዋት። አባቷ ክንዷን ያዛት። ጸሐፊው መዝገቡ እንዳይርስ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ ገና አርባ ደቂቃ አለ፣ ቀስ ብላችሁ አላቸው።