ስሙ ብቻ የጎደለው ሰው

ከቢቸና ለስደት በወጣንበት ሌሊት እማማ ጥሩ ጎናቸውን አላሳረፉም። ልጃቸውን ደሳለኝን ሊሸኙ ከሞጣ ድረስ አብረውት መጥተው እኛ ቤት ነበር ያረፉት፤ በሶውንና ድርቆሹን እየፈቱ መልሰው ሲቋጥሩ አደሩ። መኪናው ሲመጣ የሱን ሳይሆን የኔን እጅ ያዙ።

«አንተነህ ልጀ፣ ደሱን አደራ። ሰው ያምናል፤ ውኃም ይፈራል።»

«አይዞዎት እማማ፣ እኔ እያለሁ!» አልኳቸው። እኔ እያለሁ! ምነው ያኔ አፌን በያዝኩት ኖሮ።

ደሳለኝ ባሕሩን ሳያይ በረሃ ላይ ቀረ። ውኃ የሚፈራው ልጅ በውኃ ጥም ሞተ። አብረውን ከነበሩት መንገደኞች ጋር አሸዋውን በእጃችን ጭረን ቀበርነው።

እኔ ጀርመን ገባሁ። ዝናቡ ሳያስገመግም የሚዘንብበት፣ ጎረቤት ደኅና አደርክ ለማለት ቀጠሮ የሚፈልግ የሚመስልበት አገር ነው። ስገባ የስደተኛ ጉዳይ ሹሙ በአስተርጓሚ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀኝ።

«የመስቀል ሰሞን ነው» አልኩ።

«ቀኑን?»

«እናቴ ጤፉ ገና አላሸተም ነበር ትላለች።»

ጤፍ የሚጽፍበት ቦታ አጣ መሰለኝ፣ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ሞላው። ኮሪደር ላይ ብወጣ ሶማሌውም፣ አፍጋኑም፣ እኔም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ ነው። የእናታችን ምጥ ያን ቀን እንዴት በርትቶ ይሆን!

ለእማማ ጥሩ ግን አልነገርኩም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌና ቄስ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ሰምቶ፣ ጎህ ሲቀድ ነው በሩ የሚንኳኳው። እኔ ብቻዬን ከዚህ ሆኜ የማንን በር አንኳኳለሁ? እሳቸው እሑድ እሑድ በሰው ስልክ ይደውላሉ። «ደሱስ?» ይላሉ። «ያለበት ኔትወርክ የለም እማማ» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ምግብ አይበላልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኡርሱላ የምትባል ጡረተኛ መምህርት ቋንቋ እንድንለምድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታጫውተናለች። ጨዋታው እንደ ገበጣ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድን ሰው ይሆናል፤ እንደ እሱ ሆኖ ይናገራል፤ የሚደርስበትን ደግሞ ዳይስ የሚሉት ባለ ነጥብ መጫወቻ ተወርውሮ ይወስነዋል። ሕጉ ግብረ ሕማማት የሚያህል መጽሐፍ ነው። ለጀማሪ፣ ሰውን ከባዶ መፍጠር ስለሚከብድ ኡርሱላ አስቀድመው በወረቀት የተዘጋጁ ሰዎች በካርቶን ሙሉ አሏት፤ ጉልበቱ፣ ጸባዩ፣ የሚፈራው፣ ዘመዱ ሁሉ በየወረቀቱ ላይ ተሞልቷል። ክፍት የተተወው ስሙ ብቻ ነው።

«የፈለግከውን ውሰድ» አለችኝ። ጦረኛውን አለፍኩ፣ ጠንቋዩን አለፍኩ። አንዱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አናጺ። ሰው ያምናል። ጥልቅ ውኃ ይፈራል። እናቱ ትጠብቀዋለች።

ደሳለኝ ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን እንደ ዓመት በዓል መጠበቅ ጀመርኩ። ደሳለኝ ቤት ሠራ፣ ወዳጅ አፈራ፣ ገበያ ወጥቶ ተከራከረ። ናፍቆቴ ቀለል አለልኝ። አንድ ቅዳሜ ግን ድልድይ ላይ ሳለ ድልድዩ ተሰበረ። ዳይሱን ወረወርኩ። ሞተ።

«አይዞህ» አለች ኡርሱላ፣ ካርቶኑን ወደኔ እየገፋች። «ሌላ ውሰድ፣ ብዙ አለ።»

«ለእናቱስ ማን ይነግራል?»

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሳቁ። ኡርሱላ ግን ፊቴን አይታ ወንበሯን አዙራ ከፊቴ ተቀመጠች። «እናቱ እኔ ነኝ» አለች። «ና ንገረኝ።»

«ብቻዬን አይሆንም። እኛ አገር ለዚህ አንድ ሰው አይሄድም።» በተሰባበረ ጀርመንኛ ሽማግሌዎቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ ንጋቱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተነሳው ሶርያዊው ካሪም ነው። ሌሎቹም ተከትለውት ከኋላዬ ቆሙ። ጠረጴዛውን አንኳኳሁ። አንድም ቃል በማትሰማው አማርኛ፣ «እማማ ጥሩ፣ ደሱ አርፏል» አልኳት። ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ከዚያው ወጥቼ ቢቸና ለአባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ተሸክመህ ነው?» አለኝ። «በል፣ የንስሐ አባቷን ይዘን እኛ እንነግራታለን። አንተ ስልክህን ዝጋ። ትደውልልህ ይሆናል፤ አትችለውም።»

አልዘጋሁትም። መርዶውን ካረዷቸው በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠራ።

«አንተነህ» አሉ እማማ ጥሩ። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል። «አልወቅስህም ልጀ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትቀብሩት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁታል?»

«አዎ እማማ። ወደ ምሥራቅ ነው።»

«እሰይ። ተመስገን» አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

የቀበርነው በቀትር ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ምሥራቁ በየት በኩል እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።