ባሌ እንዳይደነግጥ

ባሌ ከእስር ቤት የተመለሰ ዕለት እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። አማቴ ከደጅ «ወይ ልጄ! ልጄ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁና እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ሮጥኩ። በራፉ ላይ የቆመው ሰው ግን እኔ የማውቀው ሰው አልመስል አለኝ። ፀጉሩን ተላጭቷል። ኮቱ ከትከሻው ላይ የተንጠለጠለ እንጂ የለበሰው አይመስልም። እናቱ አንገቱ ላይ ሊጠመጠሙ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዱን አነሳና ፊቱን ከለለ። ሊመቱት የመጡ መስሎት ነበር። አማቴ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ደርቀው ቆሙ።

እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። ወደ ቢቸና አግብቶ የወሰደኝ እሱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሲስቅ ሳቁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በዚያ በሽብሩ ዘመን፣ ሰው ከመንገድም ከቤቱም እየታፈሰ በሚወሰድበት ጊዜ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዙት። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሲመለስ ልጃችን ሮጣ ከቀሚሴ ኋላ የምትደበቅ፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብላ የምትጠይቅ ሆና ጠበቀችው።

ምን እንዳደረጉት አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። እግሩን ሳጥበው ውስጥ እግሩን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ለማወቅ አልፈለግኩም።

በተመለሰ በማግስቱ የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ከምድጃው ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ዘወር ስል ባሌ ከመቀመጫው የለም። ፈለግነው። እህል ከምናስቀምጥበት ጎታና ከግድግዳው መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ተሸጉጦ፣ ጉልበቱን አቅፎ አገኘነው። አማቴ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ የኔ ጌታ፤ እናትህ ነኝ» አሉት ቀስ ብለው። «ሌላ ማንም የለም።»

ብዙ ቆይቶ ነው የወጣው። ሲወጣ ዓይናችንን ማየት አልቻለም። እኔን የገደለኝ ከፍርሃቱ ይልቅ ያ እፍረቱ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ከወሎ ተመድቦ የመጣውን የጤና ረዳት አማከርኩ። ሰውየው በሩን ዘግቶ ነው ያነጋገረኝ፤ ስለ እስረኛ ማውራት እሱንም ያስፈራው ነበር።

«እህቴ፣ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እዚህ የለንም» አለኝ። «እንቅልፍ እንዲወስደው ትንሽ ነገር እሰጥሻለሁ። ከዚያ ውጭ ቤታችሁን አረጋጉለት። ድንገተኛ ነገር አይኑርበት። ምን ሊሆን እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ።»

ይህን ለአማቴ ስነግራቸው መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሱ። የሚሠራ ነገር ማግኘታቸው ራሱ ደግፎ ያቆማቸው መሰለኝ። መጀመሪያ የበሩን መቀርቀሪያ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ሲዘጋም ሲከፈትም ድምፅ እንዳያሰማ። ከዚያ ለእኔ ደንብ አወጡልኝ። ወደ ቤት ስትገቢ ከአጥሩ ጀምረሽ «እኔ ነኝ» በዪ። ከኋላው አትምጪበት። ሳይመሽ ፋኖሱን አብሪ፤ ጨለማው ድንገት አይያዘው። ሬዲዮኑ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሙቀጫውን ጎረቤት ወሰድነው። ኑሯችን በእኔ ስፌት ላይ ነበር፤ የስፌት መኪናዬንም እዚያው ጎረቤት አስቀምጬ እየሄድኩ እሰፋ ጀመር፤ ኳኳታው ለእሱ የማይሆን ነበር።

ጠዋት አማቴ ወለሉን ውሃ ረጭተው ይጠርጋሉ። የተኛንበትን ሁሉ አጥፈን ከአንድ ቦታ እናስቀምጣለን። ማንኪያው፣ ጭልፋው፣ ቢላዋው፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ ስላለው ማንም እየፈለገ አያንኳኳም። ምሳና ራት በየዕለቱ በማይለወጥ ሰዓት፣ ከአንድ ትሪ፣ አራታችንም አንድ ላይ። ማዕድ ላይ ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ አይነሳም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ሽሮው እናወራለን። ማታ ሞቅ ያለ ውሃ አቀርብና እግሩን አጥበዋለሁ።

ሠራም። ባሌ መብላት ጀመረ። ቀን ቀን ጓሮ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እንግዳ ሲመጣ «ቤታችሁ እንዴት ያሳርፋል! ገብቶ መውጣት አያሰኝም» ይለናል። እኔ ፈገግ እላለሁ። ግን ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር ከእጄ እንዳያመልጥ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ለሰው ዕረፍት የመሰለው ጸጥታ ለእኔ ሥራ ነበር፤ ከማለዳ እስከ መኝታ የማያልቅ ሥራ።

ልጃችንንም አስተማርናት። አማቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «አባዬ ይደነግጣል» ይሏታል። ቶሎ ገባት። በጠጠር ስትጫወት እያንዳንዱን ጠጠር እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች። ስታለቅስ እንባዋ ይወርዳል እንጂ ድምፅ የላትም። «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላል ያያት ሁሉ።

ያን ሁሉ አድርገን አንድ ነገር ግን ልንከለክል አልቻልንም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአጥራችን ማዶ ነበር። ስብሰባ ሲኖር ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ይደበደባል። ብረቱ በተመታ ቁጥር ባሌ እየተንቀጠቀጠ የአልጋውን እግር ይይዛል። በጨርቅ የምንጠቀልለው ነገር አልነበረም። ተዉልን ብለን የምንለምነውም አልነበረም።

በመጨረሻ አማቴን «ሞጣ አባቴ የተዉልኝ ቤት አለ፤ ከከተማው ዳር ነው። እንሂድ» አልኳቸው።

«ባሌ የተቀበረበትን አገር ትቼ?» አሉ። ደግሞ መልሰው «ይሁን። ልጄ ካለበት ሌላ የት እኖራለሁ?» አሉኝ።

በጭነት መኪና ሄድን። መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ወታደሮቹ ሁላችንንም አስወርደው ጓዛችንን ሲፈትሹ አንደኛው ባሌን «አንተ፣ ና ወዲህ» አለው። ክፉም ሰው አልነበረም፤ ከረጢቱን እንዲፈታ ፈልጎ ነው። ባሌ ቆሞ ቀረ። ሱሪው ሲረጥብ ሁሉም ሰው አየ። አማቴ ነጠላቸውን አውርደው ወገቡ ላይ አሰሩለት። ወታደሩ ፊቱን አዞረና «ሂዱ፣ ሂዱ» አለን። ሞጣ እስክንደርስ ባሌ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ከአጥር ግቢው ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሞጣ ብረት የሚደበድብብን አልነበረም። ከቤቱ ኋላ ባሕር ዛፍ አለ፤ ጎረቤቶቻችን ካህናት ናቸው፤ ከሩቅ የሚሰማው የቅዳሴ ድምፅ ለባሌ አይከብደውም። የቢቸናውን ደንብ ሁሉ እንዳለ ይዘነው መጣን። አማቴ ገና ጓዙ ሳይፈታ መቀርቀሪያውን ጠቀለሉት። አሁንስ ዳነ ብዬ ተስፋ ያደረግኩት እዚያ ነው።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ልገዛ ገበያ ሄጄ ነበር። አማቴ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ቤት የቀሩት ባሌና ልጃችን ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ ተመለስኩና እንደ ወትሮው ከአጥሩ ጀምሬ «እኔ ነኝ» እያልኩ ገባሁ። ባሌ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ጓዳ ናት። ትጫወታለች።»

ጓዳ ገባሁ። ጥጄው የሄድኩት ድስት ተገልብጦ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሷል፤ የወደቀበትን ድምፅ ዝናቡ ውጦት ኖሯል። ልጄ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ተቃጥሎ ቆዳው ተልጧል። የቀሚሷን አንገት በጥርሷ ነክሳ ይዛለች። እንባዋ እየወረደ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆመች እግዚአብሔር ይወቅ፤ ውሃው ግን ቀዝቅዞ ነበር። ስታየኝ ጨርቁን ከአፏ አወጣችና በሹክሹክታ ተናገረች።

«እማዬ፣ አልጮህኩም።»

እኔ ጮህኩ። ደንቡንም ባሌንም ረሳሁ። እየጮህኩ ሳለ እሱ ጓዳው በር ላይ ቆመ። እጁ ወደ ፊቱ ሲነሳ አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ደርሶ ቀረ። ልጅቷን አያት። ብድግ አድርጎ አቀፋትና ወጣ። በባዶ እግሩ፣ በጭቃው፣ በዚያ በተጎዳ ውስጥ እግሩ እያነከሰ ሮጠ። ከአጥር ወጥቶ የማያውቀው ሰው ከተማውን አቋርጦ ሲሮጥ እኔ ልደርስበት አልቻልኩም።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ የልጅቷን እጅ እያጠበች ነበር። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ብላለች። ነርሷ ግራ ገብቷት ቀና አለች።

«ይህች ልጅ መናገር አትችልም እንዴ?»

ባሌ መሬት ላይ ተንበረከከ። ፊቱን ከፊቷ አስጠግቶ «ጩሂ፣ ልጄ» አላት። «እያመመሽ ነው፤ ጩሂ።»

እሷ ፈቃድ እንደምትጠይቅ ወደ እኔ ተመለከተች። 

«እኔ አልደነግጥም። ጩሂ!» አላት እንደገና። ይህን ሲል መላ አካላቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ አሁንም ዝም አለች። ያኔ አፉን ከፍቶ ራሱ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በእስር ቤት ያሳለፈውን ሁሉ ያን ዕለት በአንድ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። ደጅ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ብድግ አሉ። ልጄም ከእሱ ጋር ጮኸች።

ማታውኑ መቀርቀሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ በገዛ እጁ ፈታው። አማቴ ተቆጡ።

«ምን ልትሆን ነው? ራስህን ልትገድል ነው?»

«እማ፣ እርስዎ የቻሉትን ሁሉ አድርገውልኛል» አላቸው። «ግን ይህች ልጅ በእኔ ቤት ነው ያደገችው ወይስ በእስር ቤት?»

አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ልማድ ያዝን፣ አንዳንዱን ተውን። ማዕዱ፣ ፋኖሱ፣ የጠዋቱ ጠረጋ እንዳለ ቀጠለ። የስፌት መኪናዬን ወደ ቤት አመጣሁ። ልጅቷ እንድትሮጥ፣ ጓደኞቿን ጠርታ እንድትጫወት እሱ ራሱ ይለምናት ነበር። ዳነ ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ፊቱ አመድ ይሆናል፤ ተነስቶ ከባሕር ዛፎቹ መሐል ይገባል፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። የማይመለስበት ቀን ሲኖር እኔ ሄጄ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ። ልጅቷም ቢሆን ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» እያሉ ሁልጊዜ ይጨቀጭቋት ነበር። እጇ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ተጣብቀው ቀሩ።

አማቴ አልቻሉም። «ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ» ብለው ቢቸና እህታቸው ዘንድ ተመለሱ። በሁለተኛው ዓመት በሁዳዴ ጾም ማረፋቸውን የጭነት መኪና ሾፌር ነገረን።

ባሌ ገላውን ታጥቦ ጥቁር ለበሰ። መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ከእኔ ጋር ሄደ። ሾፌሩ ጋቢናውን ከፍቶ «ግቡ እንጂ» አለን። ባሌ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈና እንደዚያው ቀረ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ኬላውን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ።

«ግድ የለህም፣ አብሬህ ነኝ» አልኩት።

ሞከረ። ሁለት እጁን መኪናው ላይ አድርጎ ሞከረ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ እግሩን አወረደ።

«አንቺ ቅበሪልኝ» አለኝ።

ብቻዬን ሄድኩ። ቢቸና ስደርስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። ያን ዕለት ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ስለነበር ሊቀብር የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ቃሬዛውን የሚቀባበል እንኳ በቂ ወንድ አልነበረም። የእህታቸው ልጆችና ሁለት ሽማግሌዎች ተሸክመው ወሰዷቸው። «ልጃቸው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር። «የእናቱን ቀብር የሚቀር ምን ዓይነት ልጅ ነው?» የሚልም ሰማሁ። «አሞታል» አልኩ። ከዚያ በላይ ማንም አልጠየቀኝም።

ሞጣ ስመለስ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆሞ አገኘሁት። ስንት ሰዓት እዚያ እንደቆመ አላውቅም።

«ወደ መቃብሩ ማን አወረዳቸው?» አለኝ።

«የእህታቸው ልጆች።»

«ከአባቴ ጎን ነው?»

«አዎ፣ ከጎናቸው ነው።»

ከዚያ «ሰው ነበር?» አለኝ።

«ብዙ ሰው ነበር» አልኩት። «አገር ነው የወጣው።»

ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።