በኮፍያ የተከለለው ገንዘብ

የእርሻ ድጎማ የተቀበሉ ሰዎች ስም በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ይፋ ሲሆን፣ የምሠራበት የትንሿ ከተማችን ቤተ መጻሕፍት እንደ ገበያ ቀን ይሞላል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ጎረቤቱ ስንት ዩሮ እንዳገኘ አይቶ ሊበግን ነው።

አንድ ሽማግሌ ግን ሌላ ናቸው። የለበሱት ኮት የከተማ ሰው ኮት ነው፤ እጃቸው ግን ላም ሲያልብ የኖረ ሰው እጅ ነው። የሊትሪም አውራጃ ገበሬዎችን ዝርዝር ኮምፒውተሩ ላይ ያስከፍቱኝና ገንዘቡ የተጻፈበትን ጎን በኮፍያቸው ይከልሉታል። ከዚያ አንድ ስም ፈልገው በጣታቸው ነካ ያደርጉትና ይሄዳሉ።

"እሳቸውም ጎረቤታቸውን ሊሰልሉ ነው" ትላለች የሥራ ባልደረባዬ ዲምፕና።

"ሰላይ ገንዘቡን ይከልላል እንዴ?" እላታለሁ።

ዘንድሮ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ስሙ የለም።

"ሞቶ ይሆን?" አሉኝ።

"ላይሆን ይችላል አባባ። ድጎማው ትንሽ የሆነ ሰው ስሙ አይወጣም።"

"ትንሽ ማለት?"

"አንድ ሁለት ላም ብቻ የቀረው ሰው በሉት።"

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"አባታችን ሲሞት ስልሳ ላም ነበር ያወረሰው" አሉ። "ለሱ ብቻ።"

ተነሥተው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ የሊትሪም አውቶቡስ አሁንም ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ነው የሚነሣው?"