ለግራ እጅ የሚሆን የድንች መላጫ

ድንች ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሻጭ ነው። ዙፋን ግን በዚያ ቅዳሜ ድንቿን በፌስታል አንጠልጥላ ሳሪስ አቦ ስትደርስ የምትሸጠው አልነበራትም። ልትልጠው ነበር የመጣችው፤ እዚያው ገበያ መሀል፣ ሰው እያያት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙፋን ቃሊቲ ተወልዳ ቃሊቲ የኖረች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ኢፍቱን ብቻዋን ያሳደገች እልኸኛ ሴት ናት። የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ በዓመቱ ደም ግፊት ጣላትና ነፍሷ ስትተርፍ ቀኝ እጇ ሳይተርፍ ቀረ። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጎኗ ላይ ተንጠለጠለ። ማጀቱም በኢፍቱ እጅ ገባ።

ሐሙስ ዕለት ኢፍቱ ደጅ ቆማ በስልክ ስታወራ እናቲቱ ሰማች። የሚደውሉት ከሐዋሳ ነው፤ እዚያ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ ተገኝቶላት እስከ ሰኞ ቁርጡን አሳውቂን ብለዋታል። ኢፍቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንዴት ትቻት እመጣለሁ? እናቴ እኮ ድንች እንኳ መላጥ አትችልም።»

በስመ አብ! ድንች እንኳ! ዙፋን ይህን ከሰማች ወዲያ መቀመጫ አጣች። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ልጄ እኔን ስትጦር ወጣትነቷ ይለቅ? ሞቼ ነው ቆሜ! ሰኞ ሳይደርስ በግራ እጄ ልጬ አሳያታለሁ ስትል በአቦ ማለች። ዓርብ በቢላ ሞክራ አውራ ጣቷን ስለቆረጠች ነው በማግስቱ በባቡር ሳሪስ የወረደችው።

ሸራ ዘርግቶ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ጎረምሳ መጀመሪያ የሰጣት መላጫ ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነበር። ዙፋን በግራዋ ብትጎትተው ብትጎትተው ድንቹን መዳበስ እንጂ መላጥ አልሆነለትም።

«እሱ ለቀኝ እጅ ነው ማዘር» አለ ልጁ።

«ታዲያ ለግራው ምን ተሠራ?»

«ቆይ፣ ድንቹን እኔ ልያዝልዎት። ይሄንን ይሞክሩ።»

ሁለተኛው እጀታው ቀጭን ነው፤ እርጥብ ሲነካው ሙልጭ ይላል። ሌላው ስለቱ ደንዝዟል። ሌላው ደግሞ ከልጣጩ ጋር ግማሽ ድንች ገምሶ ይሄዳል። ዙፋን አንዱን ታነሳለች፣ አንዱን ትወረውራለች፤ መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። «ማዘር፣ ሸራዬን ወጥ ቤት አደረጉት እኮ!» አለ ልጁ ልጣጩን እያራገፈ። በመጨረሻ ባላ የመሰለ፣ እጀታው ወፍራም ጎማ የለበሰ፣ ስለቱ በሁለቱም ወገን የተሳለና ወዲያ ወዲህ የሚል መላጫ አወጣላት። ዙፋን ሳብ ስታደርገው ልጣጩ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ወረደ። «እሰይ! የኔ ጌታ፣ እደግ!» ብላ መርቃው እየበረረች ቤቷ ገባች።

እሑድ ኢፍቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዙፋን ድንቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አዲሱን መላጫ ሳብ አደረገች። ድንቹ ተንከባሎ አልጋ ስር ገባ። ሌላ አመጣች፤ እሱም ሸሸ። ያኔ ነው የገባት። ገበያ ላይ ድንቹን የያዘላት ልጁ ነበር! በጉልበቷ ብታጣብቀው፣ በብብቷ ብትይዘው፣ ከግድግዳ ብታስደግፈው እምቢ አለ። «አንተ ከንቱ!» ብላ የሞተ እጇን በግራዋ መታችው። መላጫውን ወርውራ አለቀሰች።

ጎረቤቷ አደሴ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። «ምን ሆንሽ? ለአንድ ድንች ነው ይሄ ሁሉ? ኢፍቱ መጥታ ትልጥልሽ የለም እንዴ!»

«ኢፍቱ ትልጥልሽ አትበይኝ!» ዙፋን እንባዋን ጠረገች። አይኗ መክተፊያው ላይ አረፈ። «ይልቅ መዶሻና ሚስማር አምጪልኝ።»

«ደህናውን መክተፊያ ልትበሺው? አበድሽ!» እያለች ቢሆንም አደሴ አመጣች፤ ሚስማሩንም የመታችው እሷ ናት። መክተፊያውን ገልብጠው የወጣው ጫፍ ላይ ድንቹን ሰኩት። ድንቹ ቀጥ አለ።

ኢፍቱ ስትመለስ ሰሃኑ ሙሉ የተላጠ ድንች አየች፤ እናቷን አየች፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ ቀረች።

«ደውይላቸው» አለች ዙፋን። «ነገ እስኪሆን ምን ትጠብቂያለሽ?»

ልጅቷ ግን ፊቷ አልፈካም። «እማዬ፣ እኔ ብቻዬን ኖሬ አላውቅም። ሰው አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ… ፈርቼ ነው አንቺን ያልኩት።»

ዙፋን መጀመሪያ ደሟ ፈላ። ሦስት ቀን ሙሉ የተቃጠለችው ለዚህ ነው? በጥፊ ልትላት ምንም አልቀራት። ከዚያ ግን የልጅቷን ዓይን ስታይ በግራ እጇ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እኔስ ያልፈራሁ መስሎሻል? አንቺ ስትወጪ ይሄ ቤት እንደሚውጠኝ አላውቅም? መፍራት ነውር አይደለም። ከፈለግሽ ፈርተሽ ቅሪ፤ ካሻሽም ፈርተሽ ሂጂ። ደግመሽ ግን በኔ እጅ እንዳታመካኚ።»

ሰኞ ኢፍቱ ደወለች፤ በሳምንቱ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ልጅ ፈርታ ሄደች፣ እናትም ፈርታ ቀረች።